ሦስት ስፖርት፣ አንድ ጥንድ እግር፦ በረጅም ርቀት ትራያትሎን ልምምድ የእግር ዝለትን መያዝ

ትራያትሎን ሦስት ስፖርት ነው፤ እግር ግን ያው ሁለት ነው። ዋናው፣ ብስክሌቱና ሩጫው በልምምድ ፕሮግራማችሁ ላይ ለየብቻቸው መስመር አላቸው። ጡንቻው ዘንድ ያለው ግን አንድ ሂሳብ ብቻ ነው። እሑድ በብስክሌት የተበደራችሁትን ማክሰኞ በሩጫ ትከፍላላችሁ። አብዛኛው ሰው እግሩ ሲዝልበት የዚያን ዕለቱን ልምምድ ይወቅሳል። ሦስት ቀን ወደ ኋላ ቢቆጥር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛውን እዚያ ያገኘዋል።

ለማስታወስ ያህል፣ አይረንማን የሚባለው የረጅም ትራያትሎን ሙሉ ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ግማሹ 1.9፣ 90 እና 21.1 ነው። ለዚህ የሚዘጋጅ ሰው እግሩ አይዝልም ማለት ዘበት ነው። መዛሉማ ይዝላል። ቁም ነገሩ የትኛው ዝለት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና በስንት ቀን መልቀቅ እንዳለበት ማወቅ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት። ማሳጅና ቀዝቃዛ ውሃን ወደ መጨረሻው የገፋኋቸው ረስቼ አይደለም።

1ኛ፦ ዝለቱን በስሙ ጥሩት

«እግሬ ሞቷል» ስንል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ማለታችን ሊሆን ይችላል። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

አንዱ ስንቅ ማለቅ ነው። ጡንቻና ጉበት ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አላቸው፤ ለአብዛኛው ሰው በድምሩ ከ400 እስከ 500 ግራም አካባቢ ይሆናል። ጠንከር ባለ ልምምድ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እየተሟጠጠ ይሄዳል። ምልክቱ እግር ላይ ብቻ አይደለም። ጭንቅላት ይደነዝዛል፣ ሰው ያስጠላል፣ ቀላል የነበረው ዳገት ተራራ ይሆናል። ጣፋጭ ነገር ወስዳችሁ ከ10 እና 15 ደቂቃ በኋላ ነፍስ ከዘራችሁ፣ ችግሩ ጡንቻው ሳይሆን ጓዳው ነበር።

ሌላው የጡንቻ መጎዳት ነው። ይሄኛው አድሮ ነው የሚመጣው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል። ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ያስጮሃል፤ ታፋን ሲነኩት ያማል። የሚያመጣው ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ ነው፦ የቁልቁለት ሩጫ፣ አዲስ የክብደት ልምምድ፣ ከረጅም እረፍት በኋላ የሮጣችሁት የመጀመሪያ ሩጫ። «ላክቲክ አሲድ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ላክቴት ልምምዱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሐሙስ የሚያማችሁ የማክሰኞ ላክቴት ሊሆን አይችልም። ብስክሌት ላይ ጡንቻ በአብዛኛው የሚሠራው እያጠረ ነው። አምስት ሰዓት ጋልቦ ምንም ያልሆነ እግር በአርባ ደቂቃ የቁልቁለት ሩጫ ሦስት ቀን የሚያነክሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የተጠራቀመ ዝለት ነው። የተለየ ቦታ ላይ አያምም፤ ዝም ብሎ ይከብዳል። ጠንካራ ልምምድ ላይ የልብ ምታችሁ እንደ ወትሮው አልወጣ ይላል፤ ትንፋሻችሁ ሳይቆረጥ እግራችሁ ቀድሞ እጅ ይሰጣል። እንቅልፍ ይረበሻል፤ ልምምድ ራሱ ያስጠላል። በሁለት ቀን እረፍት ካልለቀቀ ይህንን ጠርጥሩ።

አራተኛው ከብስክሌት ወርዶ ሲሮጡ የሚመጣው የእንጨት እግር ነው። ይሄ ድካም ብቻ አይደለም። ነርቭና ጡንቻ ሰዓታት ሙሉ ሲያሽከረክሩ ቆይተው ወደ ሩጫ ለመዞር ጊዜ ይፈልጋሉ። በልምምድ በደንብ የሚሻሻለው ዝለት ይሄኛው ነው።

ከመቀጠላችን በፊት ግን ከዝለት ጎራ የማይገቡትን እንለይ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻው በጣም አብጦ ወይም ደክሞ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊያውክ ይችላል። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ፣ በተለይ ከረጅም ጉዞ በኋላ ከሆነ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ማሳጅ አታስደርጉት፤ በፍጥነት ታዩ። በአንድ ጣት የምታሳዩት የአጥንት ላይ ሕመም፣ ስትሮጡ የሚብስና እያደር ተኝታችሁም የማይተዋችሁ ከሆነ፣ የአጥንት ስንጥቅ ይጠረጠራል። አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ብስክሌት ላይ ጠንክራችሁ ስትገፉ ብቻ አንዱ እግር ጉልበት የሚያጣ ወይም የሚደነዝዝ፣ ስታቆሙ በደቂቃዎች የሚለቃችሁ ከሆነ፣ ወደ እግር የሚወርደው የደም ሥር ጠብቦ ሊሆን ይችላል። ብስክሌተኞች ላይ የታወቀ ነገር ነው፤ ዓመታት «ጡንቻ ነው» እየተባለ ይታለፋል።

2ኛ፦ ሦስቱን ስፖርት በአንድ ደብተር መዝግቡ

ኪሎ ሜትር መቁጠር እዚህ አይጠቅምም። 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 40 ኪሎ ሜትር ሩጫ አይገናኙም። ሦስቱን የሚያገናኝ ቀላል መለኪያ አለ። ልምምዱ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ምን ያህል ከበደኝ?» ብላችሁ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ስጡት። ነጥቡን በደቂቃው አባዙት። ሦስት ሰዓት ቀለል ያለ ብስክሌት በ4 ነጥብ 720 ይሆናል። 50 ደቂቃ የፍጥነት ሩጫ በ8 ነጥብ 400 ነው። አንድ ሰዓት ዋና በ5 ነጥብ 300። የሳምንቱን ደምሩ።

ከጎኑ ሌላ ትንሽ አምድ ጨምሩ፦ ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትረግጡ እግራችሁ እንዴት ነው? ለእሱም ነጥብ ስጡ። ይሄ አምድ ከሰዓቱም ከመተግበሪያውም በላይ ይነግራችኋል። በሁለት ወር ውስጥ የራሳችሁን ባሕርይ ታዩታላችሁ። የአንዱ ሰው እግር ረጅም ብስክሌት በጋለበ በማግስቱ ይዝላል፤ የሌላው ደግሞ ሁለት ቀን ቆይቶ።

አሁን ሳምንቱን ደልድሉ። ከባዱን ከከባዱ፣ ቀላሉን ከቀላሉ ጋር አድርጉ። የክብደት ልምምድን «ቀላል ቀን ነው» ብሎ በእረፍት ቀን መሸጎጥ የተለመደ ስህተት ነው። ጠዋት የፍጥነት ሩጫ ካለ፣ ሩጫው ካበቃ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ክብደቱን የዚያኑ ቀን አንሱ፤ ማግስቱ እውነተኛ ቀላል ቀን ይሁን። ከአጠቃላይ ሰዓታችሁ አምስት እጁ ቢሆን አራቱ እያወራችሁ የምትሠሩት መሆን አለበት። በየአራተኛው ሳምንት ድምሩን ከ30 እስከ 40 በመቶ ቀንሱ። ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ ወይም ሥራችሁ ቀኑን ሙሉ በእግር የሚያቆማችሁ ከሆነ በየሦስተኛው ሳምንት አድርጉት።

ዋናን አትናቁ። እኔ አንድ ሰሞን ማክሰኞ ማክሰኞ ሩጫዬ ለምን እንደሚበላሽ ግራ ገብቶኝ ነበር። ጫማ ቀየርኩ፣ ቁርስ ቀየርኩ። ጥፋተኛው ሰኞ ማታ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰሌዳ ይዤ የምሠራው የእግር ምት ልምምድ ነበር። በረጅም ርቀት ዋና እግር የሚያስፈልገው ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ነው። በአንድ ሙሉ የክንድ ዙር ሁለት ምት ይበቃል። የእግር ምት መለማመድ ከፈለጋችሁ በማግስቱ ከባድ ሩጫ በሌለበት ቀን አድርጉት።

3ኛ፦ ብስክሌቱን መርምሩ

ከልምምድ ሰዓታችሁ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብስክሌት ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት በሺህ ትባዛለች። በደቂቃ 85 ጊዜ የሚዞር እግር በሦስት ሰዓት ውስጥ 15,300 ጊዜ ይዞራል።

ከኮርቻው ጀምሩ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ወደ ኋላ አዙሩ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ይበል፤ ዳሌያችሁ ግን ወደ ጎን አይውደቅ። ከዚያ እንደ ልማዳችሁ በፊተኛው የእግር መዳፍ ስትረግጡ ጉልበታችሁ ታች ላይ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ይቀራል። ኮርቻው ዝቅ ካለ የፊተኛው ታፋ ይቃጠላል፤ የጉልበት ሎሚ አካባቢም ያማል። ከፍ ካለ ዳሌ ይወዛወዛል፤ ቋንጃና ባት ይወጠራሉ። ልኩን ስታገኙ ዘንጉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ብስክሌቴን ለጉዞ ፈታትቼ መልሼ ስገጥም ኮርቻውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጌው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ «አቋሜ ወረደ» እያልኩ ተክዣለሁ። የወረደው ኮርቻዬ ነበር።

ቀጥሎ ማርሽ ነው። ከባድ ማርሽ ላይ በደቂቃ 65 ዙር መርገጥ ጠንካራ ያስመስላል እንጂ ታፋን ይጨርሳል። ለብዙዎች ከ80 እስከ 95 ባለው መካከል መቆየት ጥሩ ነው። ቀላል ማርሽ ሸክሙን ከጡንቻ ወደ ልብና ሳንባ ያሻግራል። ከብስክሌት በኋላ ማራቶን ለሚጠብቀው ሰው ይሄ ትርፍ ያለው ንግድ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ልክን ማወቅ ነው። የዋት መለኪያ (ፔዳሉን የምትገፉበትን ጉልበት የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ከማሟሟቂያ በኋላ 20 ደቂቃ አቅማችሁ የፈቀደውን ሁሉ እኩል አድርጋችሁ ግፉ። አማካዩን በ0.95 አባዙት። አማካዩ 240 ዋት ከሆነ ውጤቱ 228 ነው። ይህ ኤፍቲፒ የሚባለው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ልትይዙት የምትችሉት ጉልበት ግምት ነው። ለሙሉው ርቀት አብዛኛው አማተር ከዚህ ከ65 እስከ 75 በመቶ፣ ለግማሹ ከ75 እስከ 85 በመቶ ቢይዝ እግር ተርፎት ይወርዳል። መለኪያ የሌላችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻላችሁን ፈትሹ።

አማካይ ቁጥር ግን ይዋሻል። ሦስት ሰዓት ሙሉ 150 ዋት መግፋትና ዳገት በመጣ ቁጥር 350 እየገፉ ቁልቁለት ላይ አርፎ 150 ማምጣት ለእግር አንድ አይደሉም። ዳገት ላይ የሚያልፏችሁን እለፉ በሏቸው። ሩጫው ላይ ትገናኛላችሁ።

4ኛ፦ ከብስክሌት ወደ ሩጫ መሻገርን ተለማመዱ

ብስክሌት ጋልቦ ወዲያው መሮጥ ብሪክ ይባላል። ብዙ ጀማሪዎች በወር አንዴ አራት ሰዓት ጋልበው ሁለት ሰዓት ይሮጣሉ፤ ከዚያ ሳምንት ይተኛሉ። አይጠቅምም። አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን፦ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከብስክሌት በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሶምሶማ። ነርቭ የሚማረው በመደጋገም ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ማርሽ አቅልሉና እግራችሁን ፈጠን አድርጋችሁ አዙሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከኮርቻ ተነስታችሁ ዳሌያችሁን ወደ ፊት ግፉ፤ ጎብጦ የቆየው የብሽሽት ጡንቻ ይፍታታል። ስትወርዱ የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ሜትር በአጭር እርምጃ ሩጡ። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። እግር እየከበደ እንኳ ከብስክሌቱ ፍጥነት የተነሳ ሩጫው ዝግ ያለ ይመስላል፤ ሰዓታችሁን ስታዩ ግን ከዕቅዳችሁ በላይ እየበረራችሁ ነው። ስሜታችሁን ሳይሆን ሰዓቱን እመኑ።

ቀሪው ሩጫችሁ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እርምጃችሁን ቁጠሩ። በደቂቃ 160 ከሆነ ወደ 168 ለማድረስ ሞክሩ፤ አምስት በመቶ ማለት ነው። እግር ከሰውነት ፊት ርቆ ማረፉ ይቀንሳል፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫናም እንዲሁ። ውድድራችሁ ቁልቁለት ካለበት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድማችሁ በትንሽ በትንሹ ቁልቁለት አስገቡ። ጡንቻ አንዴ ከቀመሰው ጉዳት በቀጣዩ ጊዜ ራሱን ይከላከላል፤ ግን ቀድሞ መቅመስ አለበት።

5ኛ፦ ብሉ

በግልጽ ልናገር። ካየኋቸው «ሚስጥራዊ» የእግር ዝለቶች አብዛኞቹ በቂ አለመብላት ናቸው። ሦስት ስፖርት እየሠራ ክብደት ለመቀነስ የሚጾም ሰው በመጨረሻ የሚቀንሰው ጡንቻውን ነው።

ልምምዱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ውሰዱ። ከዚያ ከረዘመ እስከ 90 ግራም መድረስ ይቻላል፤ ግን ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተቀላቀለበት መሆን አለበት፤ አንጀት ሁለቱን በተለያየ በር ነው የሚያስገባው። ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። በ40 ጀምሩና በየሳምንቱ ጨምሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሳችሁት ጄል (በከረጢት የሚያዝ ዝልግልግ የስኳር ስንቅ) ሩጫው ላይ ጉድ ይሠራችኋል። መብላት የሚጀመረው ደግሞ ሳይርብ ነው፤ ብስክሌት ላይ ከወጣችሁ በ20 ደቂቃ ውስጥ።

በዚያው ቀን ሌላ ልምምድ ካለ፣ ካበቃችሁ በኋላ ባሉት አራት ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ በሰዓት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት ከ70 እስከ 84 ግራም ነው። ቀጣዩ ልምምድ ነገ ከሆነ ይህን ያህል መቸኮል አያስፈልግም። ፕሮቲን ከ20 እስከ 30 ግራም በየምግቡ ይኑር። ውሃን በጥማት ልክ ጠጡ። ያለልክ ውሃ ብቻ መጠጣት የደም ሶዲየምን ያወርዳል፤ ለሕይወትም ያሰጋል።

ምግቡም እንቅልፉም ተስተካክሎ እግር አሁንም ከከበደ የደም ምርመራ አድርጉ። ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችት መለኪያ አስጨምሩ። ሴት ሯጮች ላይ እጥረቱ ብዙ ነው። ሳትመረመሩ ግን የብረት ክኒን አትጀምሩ። የወር አበባ የቀረባት አትሌት «ልምምድ ስለበዛ ነው» ብላ አትለፈው፤ ሰውነቷ የሚገባው ጉልበት እንዳነሰው እየተናገረ ነው።

6ኛ፦ ክብደት አንሱ

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 40 ደቂቃ ይበቃል። ቀላል ክብደት 30 ጊዜ ማንሳት ጽናትን አይጨምርም፤ ጽናቱን ብስክሌቱ እየሰጣችሁ ነው። ቴክኒኩን ከለመዳችሁ በኋላ ከበድ ያለ፣ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ብቻ የምታነሱት ይሁን፤ ሦስት ዙር። ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ክብደት ከመሬት ማንሳት፣ በአንድ እግር ደረጃ ላይ መውጣት። ባትን አትርሱ። ቆማችሁ ብቻ ሳይሆን ተቀምጣችሁ፣ ጉልበታችሁ ላይ ክብደት አድርጋችሁም ተረከዝ አንሱ፤ ከስር ያለው የባት ጡንቻ በሩጫ ጊዜ ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሸከም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያማሉ። ስለዚህ ከውድድር ሩቅ በሆነ ወቅት ጀምሩት።

7ኛ፦ ባት ሲይዛችሁ

ባት ወይም ቋንጃ ድንገት ሲሸማቀቅ ቁሙና ቀስ ብላችሁ ለጥጡት፤ እስኪለቅ ያዙት። ሁሉም ሰው ጨው ነው ይላል። የደከመ ጡንቻና የነርቭ ትእዛዝ መዛባት ግን ትልቅ ድርሻ አላቸው። ለዚህም ነው ልምምድ ላይ ሳይሆን ከልምምዳችሁ በላይ የፈጠናችሁበት ውድድር ላይ የሚይዛችሁ። ዋና ላይ ከያዛችሁ የእግር ጣታችሁን ከመጠን በላይ ቀጥ እያደረጋችሁ እንደሆነ ፈትሹ።

8ኛ፦ አሁን ወደ ማሳጁ

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ ነው። ሰባት ሰዓት ዝቅተኛው ነው፤ በከባድ ሳምንት ስምንትና ዘጠኝ። ሌሊቱን ለአምስት ሰዓት ያህል ብቻ ተኝታችሁ ከሆነ የጠዋቱን ልምምድ ዝለሉትና ተኙ። እንዲህ ስል የሚናደድብኝ ሰው አለ። ይናደድ።

ማሳጅ፣ ጡንቻ ላይ የሚንከባለል ፎም፣ ጠባብ ካልሲ፦ ስሜትን ያቀላሉ፤ ትንሽ ይረዳሉ። ደስ ካላችሁ አድርጉ። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ሕመምን ይቀንሳል። ከክብደት ልምምድ በኋላ ግን ልማድ አታድርጉት፤ ጡንቻው ሊያገኝ የነበረውን ጥንካሬ ይቀንስበታል። በእረፍት ቀን 30 ደቂቃ በጣም ቀላል ማርሽ ላይ ማሽከርከር ከመተኛት ይሻላል፣ በእውነት ቀላል ከሆነ። አይቡፕሮፌን ውጦ ረጅም ልምምድ መግባት ግን ተዉት። ውሃ ያነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሕመሙ ሊነግራችሁ የፈለገውንም አፉን ይዘጋዋል።

9ኛ፦ ከውድድር በፊት

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የልምምዱን ብዛት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቀንሱ። የቀኑን ቁጥር ብዙም አትንኩ፤ ፍጥነቱንም አታውርዱ፣ ብቻ አሳጥሩት። ሁለት ሰዓት ብስክሌት የነበረው 50 ደቂቃ ይሁን፤ በውስጡ በውድድር ፍጥነት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ይኑር። ክብደት ማንሳቱን ከ10 ቀን በፊት አቁሙ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ልምምድ ቀንሶ እግሩ ይበልጥ ይከብደዋል። ይህ የተለመደ ነው። ስህተቱ «እስኪ ልፈትሸው» ብሎ ሐሙስ ዕለት 15 ኪሎ ሜትር መሮጥ ነው። ደረጃ ስትወጡ ታፋችሁ ቢከብድ፣ ደረጃውን ውጡና ጫማችሁን አዘጋጁ።